ቀስቴ የሞተችበት ቅዳሜ

ባለፈው ጥቅምት ጎረቤቴ አለምነሽ በርበሬ ልታሰጣ ግቢዋ መሐል አንድ አሮጌ የላስቲክ ምንጣፍ ዘርግታ ነበር። እኔም ዛላ በርበሬዬን ይዤ «ከጥጉ ትንሽ ቦታ ስጪኝ» ልላት ገባሁ። የቢቸና ፀሐይ ላስቲኩን አግሎት፣ ሽታው ከበርበሬው ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ሰንጎ ያዘኝ። እያስነጠስኩ ጎንበስ ብዬ በርበሬውን በእጄ ገለል ባደርገው ከሥሩ አንድ ሰማያዊ ቀስት ብቅ አለ፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ ሮዝ። ምንጣፉን ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት ከሞጣ ገበያ እንደገዛችው፣ ወፍራም ስለሆነም የመሬት እርጥበት እንደማያሳልፍ ነገረችኝ። ቀስቶቹስ ምንድን ናቸው ብላት፣ አስተማሪ ሆኜ ይህን አለማወቄን እንደታዘበች ሁሉ ገርመም አድርጋኝ፣ «የጭነት ምልክት ነዋ! በዚህ በኩል ወደ ላይ ማለት ነው» አለች። አራት ቀስቶች ወደ አራት አቅጣጫ ሲያመለክቱ ጫኙ ምን ይዋጠው ብዬ አልተከራከርኳትም። ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አይታ «በርበሬው ነው» አለችኝ፤ እኔም «በርበሬው ነው» አልኳት።

በርበሬው አልነበረም። ያንን ምንጣፍ፣ እሱ ራሱ ባይሆን እንኳ ወንድሙን፣ ሞጣ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው በባዶ እግሬ ረግጬዋለሁ። የቴሌቪዥን ጌም ምንጣፍ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ዘፈን ይከፈትና ቀስቶች ከግርጌ እየተነሱ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አናቱ ላይ ካለው ጥላቸው ጋር ሲገጥሙ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ከእግርሽ ሥር ያለውን አቻ ቀስት መርገጥ ነው። ከገጠመልሽ ቀስቱ ያበራል፣ ከሳትሽ ማሽኑ ያጉረመርማል፤ ብዙ ከሳትሽ ደግሞ ዘፈኑን መሐል ላይ ቆርጦ ያባርርሻል። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ረጅም የፈረንጅ ስም አንዳችንም በወጉ መጥራት ስለማንችል ጨዋታዋን ቀስቴ አልናት፤ ቀስቴ ስንላት ደግሞ የኛ ሆነች።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ አቋቋም ያስተምራሉ፤ እኔም ገና በአራትና አምስት ዓመቴ ተማሪዎቻቸው በመቋሚያና በከበሮ ሲያሸበሽቡ ከቤታችን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን እየመታሁ ነው ያደግሁት። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ሞጣ ያለችው አክስቴ፣ ልጅ ስላልነበራት «ቤቱ ጭር አለብኝ» ብላ ወሰደችኝ። የአክስቴ ቤት ከገበያው በላይ ነበር፤ ከእሷ ቤት ሦስተኛው አጥር የእማማ ዘሀራ ነው። እማማ ዘሀራ ዘራቸው ሁሉ ጨርቅ ነጋዴ የሆነ፣ ሞጣ ውስጥ ከማን ጋር ማን እንደተጋባ እስከ አያት ቅድመ አያት የሚቆጥሩ ባልቴት ናቸው። የመንገድ ዳሩን ክፍላቸውን ልጃቸው ሰይድ ጌም ቤት አድርጎት ነበር። ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኛ ግን ጋሽ ሰይድ ነበር የምንለው። እንግዲህ ጌም ቤት ማለት ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የላብ ሽታና የወንድ ጩኸት ማለት ነው፤ ሴት ልጅ በደጁ ስታልፍ እርምጃዋን ታፈጥናለች እንጂ አንገቷን አታሰግግም።

ምንጣፉንና የመጀመሪያውን ዲስክ የላከችው ዓረብ አገር የምትሠራው የሰይድ እህት ናት። ሰይድ ደስ ብሎት ዘረጋው፤ ወንዶቹ ግን አንዱ ሌላውን እየገፋ «አንተ ጨፍር፣ አንተ ጨፍር» ከመባባል በቀር የሚወጣበት ጠፋ። ጎጃሜ ወንድ በሰርግ ቤት ትከሻውን እስኪነቅል ይጨፍራል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ካልሲውን አውልቆ፣ ለቴሌቪዥን ጨፍር ቢሉት ግን ያፍራል። ምንጣፉ ተጠቅልሎ አንድ ወር ያህል ከበሩ ኋላ ቆመ። በመጨረሻ ነገሩን ያበጁት እማማ ዘሀራ ናቸው። ለዒድ ብቻ የሚያነጥፉትን አረንጓዴ አንሶላ አምጥተው በሩ ላይ ሰቀሉና፣ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት የሴት ልጆች ነው ብለው አወጁ፤ ለክፉ አፍ መዝጊያም ራሳቸው ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ደፉ ላይ ተቀመጡ። አክስቴ ከገበያ ስትመለስ አይታ «እማማ ዘሀራ ካሉበትማ ከማኅበር ቤት በምን ያንሳል» አለች፤ በዚህ ሁኔታ ተፈቀደልኝ።

የመጀመሪያው ቀን መቼም አይረሳኝ። የክፍሌ ልጅ ትርንጎ በእስክስታ ሞጣን ያስጨበጨበች፣ ሰርግ ያለው ሰው ሁሉ ለእናቷ ቀድሞ የሚነግርላት ልጅ ናትና «እሷ ትክፈትልን» ብለን አወጣናት። ዘፈኑ ሲጀምር ትርንጎ አንገቷን ሰበቅ፣ ትከሻዋን ነቅነቅ ስታደርገው ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ እማማ ዘሀራ ራሳቸው መጋረጃውን ገልጠው አዩ። ማሽኑ ግን አጉረመረመ። ትርንጎ ባሰባት፣ ትከሻዋ እንደ ወንፊት ተንቀጠቀጠ፣ እግሮቿ ግን ሁለት ቀስት ላይ ተተክለው ቀሩ፤ ማሽኑም ዘፈኑን ቆርጦ አባረራት። ላቧን እየጠረገች «ምን ዓይነት ዕውር ነው ይሄ! ትከሻ አያይም እንዴ?» ብላ ጮኸች። አያይም ነበር። ከእሷ ቀጥሎ እኔ ወጣሁ፤ ትከሻዬ ሰርግ ቤት ለወግ ያህል እንኳ የማይነቃነቅ ደረቅ እንጨት ቢሆንም እግሬ የአባቴን ከበሮ ስለሚያውቅ እስከ ዘፈኑ መጨረሻ ደረስኩ። በዚያች ከሰዓት የሞጣ ሥርዓት ተገለበጠ፤ ትርንጎም ይህን ለብዙ ጊዜ ይቅር አላለችኝም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የሳምንቱ ራስ ሆነች። ሙስሊሞቹም ክርስቲያኖቹም ጫማችንን ደፉ ላይ አውልቀን ነበር የምንገባው፤ ማንም አላዘዘንም፣ ግን ምንጣፍ ነውና በጫማ መርገጡ ነውር መሰለን። ከመስጊዱ አዛን ሲጠራ ጋሽ ሰይድ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጭርሱን ያጠፋዋል፤ ጨዋታው ግን አይቆምም። የምትጫወተዋ ልጅ ያለ ዘፈን፣ ቀስቱን ብቻ እያየች ትረግጣለች፤ የምንሰማው የባዶ እግሯን ጠብ ጠብ ነው። በዘፈን ስትደገፍ የነበረች ሁሉ ያኔ ትወድቃለች፤ እኔ ግን ከበሮው ጭንቅላቴ ውስጥ ስለነበር የምወደው ያንን ሰዓት ነበር። እናቶቻችን ፊት ቀስ ብለን የምንራመድ፣ ትምህርት ቤት ወንዶቹ እንዳያዩን ተጠባብቀን የምንሮጥ ልጆች፣ እዚያች ክፍል ውስጥ ግን መሬቱን በሙሉ ክብደታችን እንረግጠው ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ሳይነግሩኝ ከቢቸና መጡ። አክስቴ መደበቅ አያስፈልግም ብላ እንደሆነ፣ ወይም ደንግጣ እንደሆነ አላውቅም፣ ያለሁበትን በጣቷ አሳየቻቸው። እኔ ምንጣፉ ላይ ሆኜ የነጭ ጥምጥማቸውን ጫፍ በመጋረጃው ክፍተት ሳይ መውረድ እንኳ አልቻልኩም፣ እግሬ በልማዱ መርገጡን ቀጠለ። እማማ ዘሀራ ተነሥተው «እንደምን ዋሉ መሪጌታ፣ ልጅዎን እኔው ነኝ የምጠብቃት፣ ይዩዋት» ብለው መጋረጃውን ገለጡላቸው። አባቴም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ ካሉ ምን ስጋት አለኝ» ብለው እግሬን አዩ። እንዳጋጣሚ አዛን እየተጠራ ስለነበር ቴሌቪዥኑ ድምፅ የለውም። ረጅም ጊዜ የቆዩ መሰለኝ። ከዚያ ለተማሪዎቻቸው በሚናገሩበት ድምፅ «ግራ እግርሽ ይቸኩላል። ከበሮው እስኪመጣልሽ ጠብቂው» አሉኝ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ አዛኑ አበቃና ጋሽ ሰይድ ድምፁን ሲለቀው አንዲት የፈረንጅ ዘፋኝ ጣሪያው እስኪነሣ ጮኸች። አባቴ መጋረጃውን በራሳቸው እጅ መልሰው «ይኼኛውን አልሰማሁም» ብለው ሄዱ። ግራ እግሬን ከዚያ ቀን ወዲህ አርሜዋለሁ።

ቀስቴ እንዴት እንደተዳከመች ሳስበው አንድ ሰው ብቻ የሚወቀስበት አይደለም። ሁለተኛው ዲስክ ሲመጣ ዘፈኑ ብዙ፣ ደስታችንም ብዙ ነበር። ሦስተኛውን እህቱ ስትልክ ግን ዲስኩ ምንጣፉን አላውቅህም አለው። ጨዋታውን የሚሠራው ኩባንያ እግር ሰልችቶት ኖሮ፣ አሁን በእጅ የሚያዝ ሌላ ዕቃ ይፈልጋል፤ ያ ዕቃ ደግሞ ሞጣ የለም፣ ባሕር ዳርም ተፈልጎ ታጣ። ወደ ሁለተኛው ተመለስን። የቀኙ ቀስት ሲያልቅ ከገበያው ሥር ያለው ጫማ ሰፊ የመኪና ጎማ ቁራጭ ለጠፈበት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀኝ የሚረግጥ ሁሉ በተረከዙ መደለቅ ነበረበት። ሁሉንም ዘፈን ስለያዝነው ማሽኑን መፍራት ቀረ፤ መፍራት ሲቀር ደግሞ መንጫጫቱም ቀነሰ። ጋሽ ሰይድ ግን በየቅዳሜው «እህቴን አዲስ ዲስክ ጠይቄያታለሁ፣ ለምንጣፍ የሚሆን ካለ ትልካለች» ይለን ነበር።

የባሰው ያ ክረምት ነው። ረመዳንና ፍልሰታ የተገናኙበት ክረምት ነበርና ግማሾቻችን በዚህ፣ ግማሾቻችን በዚያ ጾም ተያዝን። የኛ ልጆች ማልደው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ እነሱ ቀኑን ሙሉ ውኃ አይቀምሱም፤ በጾም ደግሞ ጭፈራ የለም። እማማ ዘሀራ መጋረጃውን አጥበው አጥፈው አስቀመጡት፣ ምንጣፉም ተጠቀለለ። ዘፈንና ጭፈራ ነው እንጂ ኳስን የሚከለክል ጾም የለምና፣ ባዶ የሆነውን የቅዳሜ ሰዓት ወንዶቹ በኳስ ጌም ሞሉት። መስከረም ጠብቶ ልንመለስ ስንል አግዳሚው ላይ ተደርድረው አገኘናቸው፤ ማንም ንቅንቅ አይልም። ሰይድ በመሐል ተቸገረ። በመጨረሻ ከመስቀል በኋላ ያለችውን ቅዳሜ ቆረጠና እኔን «አሥር ሴት ልጅ ይዘሽ ነይ። አሥር ከሆናችሁ ሰዓቱ የእናንተ ነው፤ ወንዶቹን አስወጣለሁ፣ ለእህቴም እጽፋለሁ። ካልሆነ ግን ከእነሱ ጋር መጣላት አልችልም» አለኝ። እኔም በአባቴ ምዬ እሺ አልኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ዞርኩ። እናቶችን ለመንኩ፣ ለታናናሽ እህቶች ቃል ገባሁ፤ ኩርፊያዋን ያልረሳችውን ትርንጎን ሳይቀር ደጅ ጠናሁ፤ እሷም ቤታቸው ለመንገዱ ስለሚቀርብ ሁላችንም እዚያ ተገናኝተን አብረን እንሂድ አለች። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የቀረ አልነበረም። በረንዳቸው ላይ ተሰብስበን፣ ፀጉራችንን ተሠራርተን፣ ልንነሣ ስንል ትርንጎ «ቆዩማ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ» ብላ ከጓዳ ስልክ ይዛ ወጣች። ደጀን ላይ በጭነት መኪና የሚሠራው ወንድሟ የሰጣት፣ በጣት የሚነካ ስልክ ነው። ነካ ስታደርገው ቀስቴ ነበረች፤ አዲሷ፣ አራተኛዋ፣ ጋሽ ሰይድ ከዓረብ አገር የሚጠብቃት። ቀስቶቹ የጤፍ ያህል ደቀው በመስታወቱ ላይ ይወጣሉ፤ ምንጣፍ አያስፈልጋቸውም፣ አውራ ጣት ይበቃቸዋል።

ትርንጎ ተጫወተች። ትከሻ የማያየው ማሽን ጣቷን ግን አየላት፤ አንዲት ቀስት ሳትስት ዘፈኑን ጨረሰችና ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «አንድ አንድ ተጫውተን እንሂድ» ያለችው ማን እንደነበረች ዛሬ ብምል አላስታውስም፤ እኔም ልሆን እችላለሁ። አንዷ ስትጫወት የቀረነው አንገት ላንገት ተደራርበን በትከሻዋ ላይ እናያለን፣ ተራችንን እንጠብቃለን። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስልኩ ላይ ከተሸነፍሽ ወዲያው «እንደገና» ስለሚልሽ አንድ የተባለው ሁለት ሆነ፤ እኔም ጣቴ እንደ እግሬ ስላልታዘዘልኝ እልህ ይዞኝ ሦስት አደረግሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዛን ሲጠራ ሰማሁ፤ እማማ ዘሀራ አሁን ከደፉ ላይ ሆነው መንገዱን ያያሉ ብዬ አሰብኩ፤ «ይቺን ጨርሼ» ብዬ ቀጠልኩ። የትርንጎ እናት ከገበያ ተመልሳ «እናንተ እስካሁን?» ስትል ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። የሚመጣው ቅዳሜ እንሄዳለን ተባባልን። በሚመጣው ቅዳሜ በሩ ላይ መጋረጃ አልነበረም፤ ከውስጥ የጎል ጩኸት ይሰማል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞጣን ለቅቄ እስክወጣ ድረስ በዚያ በር ላለማለፍ በላይኛው መንገድ እዞር ነበር፤ አክስቴም ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ጭቃ ነው እላት ነበር፣ በበጋም ጭምር።

ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀረው። የአለምነሽን ምንጣፍ ባየሁ በሳምንቱ ቅዳሜ ከቢቸና በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ጉንደ ወይን ላይ ጎማ እስኪቀየር ቆሜ፣ እኩለ ቀን ላይ ሞጣ ገባሁ። ጋሽ ሰይድን ያገኘሁት የስልክ ቻርጀርና የፀሐይ መብራት በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው። ጺሙ ሸብቷል፤ ወዲያው ግን አወቀኝ፤ «የመሪጌታ ልጅ! ግራ እግርሽ ታረመ?» ብሎ ሳቀ። እማማ ዘሀራ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው መሆኑን ነገረኝ።

«እስክትሞት አንቺን ስትጠይቅ ነበር» አለኝ። «ያን ቀን፣ አሥራችሁን ስንጠብቅ የዋልን ቀን፣ መጋረጃውን ሰቅላ፣ ምንጣፉን በሳሙና አጥባ፣ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪጠራ ደፉ ላይ ነበረች። ወንዶቹ መጥተው ‹አልመጡም፣ እንግባ› ቢሏት ከዘራዋን በሩ ላይ አጋድማ ከለከለቻቸው። ‹ታቦት የነገሠበት ቀን ቢሆንባቸው ነው፤ የኛዎቹም ጓደኞቻቸውን ትተው ብቻቸውን መምጣት ነውር ሆኖባቸው ነው፤ ደግ ልጆች ናቸው› አለች። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምትለው። እኔ በዓሉን አላውቀውም፤ አንቺ የቤተ ክህነት ልጅ ነሽ። ለመሆኑ ያን ቀን የማን በዓል ነበር?»

ሠላሳውም ቀን ባለቤት አለው። የአንዱን ስም ጠርቼ ብገላገል ውሸት ነው የሚለኝም አልነበረም፤ ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«የማንም አልነበረም፣ ጋሽ ሰይድ» አልኩት። «ትርንጎ ቤት በረንዳ ላይ ነበርን። አንድ ስልክ ከበን።»

«ስንት ነበራችሁ?»

«አሥራ አንድ።»

ደንበኛ የመለሰለትን ቻርጀር ገመድ በጣቱ ላይ ሲጠቀልል ቆየ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሥር ያልኩሽ እኮ ሰው ሰብስበሽ እንድትመጪ ብዬ ነው» አለኝ ገመዱን አስቀምጦ። «ብቻሽን ብትመጪስ እማ ትመልስሽ ነበር? ወንዶቹን ነበር የምታስወጣው።»

ለመመለሻዬ መኪና ሳፈላልግ እግሬ ሳያማክረኝ በድሮው በር ወሰደኝ። አሁንም ጌም ቤት ነው፤ ባለቤቱ ሌላ፣ ቴሌቪዥኖቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ወንዶች አግዳሚው ላይ ተፋፍገው ይጮሃሉ። ደብተር ያቀፉ ሁለት ሴት ልጆች ከኋላዬ መጥተው፣ በሩ ዘንድ ሲደርሱ ወሬያቸውን አቋርጠው እርምጃቸውን አፈጠኑ። ኩባንያው ቀስቴን ለምን እንደተዋት ብዙ ይባላል፤ ዓለም ሰለቻት ይላሉ፣ በየዓመቱ እያወጡ አረከሷት ይላሉ፤ እውነት ይሆናል። የሞጣዋን ቀስቴን ግን የገደልናት እኛ ነን፤ ሳንጣላት፣ ሳንሰለቻት፣ አንድ አንድ ተጫውተን እንሂድ እያልን።